የደረት ራጅ፦ ታማሚው እንዴት ቆመ፣ ጨረሩስ ከየት መጣ?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የራዲዮግራፊ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛው ሥራችን የደረት ራጅ ነው። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ግን አንዴ ‹ታማሚው ዞሯል›፣ አንዴ ‹ትንፋሽ በደንብ አልተሳበም›፣ አንዴ ደግሞ ‹የልቡን ስፋት መናገር አልችልም› እያለ ይመልስብናል። መቆም የማይችል ታማሚ ሲመጣ፣ በሳንባው ዙሪያ ውሃ ወይም አየር አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሳንባው ጫፍ አልታይ ሲል ምን ላድርግ? ኬቪውንስ (የጨረሩን ኃይል የሚወስነውን ቮልቴጅ) ስንት ላይ ላድርገው?»

ምላሽ፦

የተመለሱብዎት ሦስቱም ቅሬታዎች የማሽን ችግር አይደሉም። ሦስቱም ኤክስፖዠሩ (ጨረሩ) ከመለቀቁ በፊት ባለችው ደቂቃ በእጅዎና በአፍዎ የሚስተካከሉ ናቸው። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ታማሚውን አላየውም፤ በእጁ ያለው ጥላ ብቻ ነው። ጥላው ደግሞ በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በአቋቋሙም ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለብዎት፦ ለተጠየቀው ጥያቄ የሚመልሰውን አቋቋም መምረጥ፣ ያደረጉትንም ምስሉ ላይ ሳይደብቁ መጻፍ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከመጀመሪያው አያንስም።

የጥያቄ ወረቀቱን ሳያነቡ ታማሚውን አያቁሙ። «የደረት ራጅ» ብቻ ተብሎ ከመጣ ታማሚውን ራሱን ይጠይቁ፦ ሳል ነው? ትንፋሽ ማጠር ነው? ወድቀው ነው ወይስ መኪና ገጭቷቸው? ለቲቢ የመጣ ሰው የሳንባው ጫፍ ከክላቪክል (በአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት) ነጻ ሆኖ እንዲታይ ይፈለጋል፤ ለውሃ የመጣው የታችኛው ጥግ እንዳይቆረጥ፤ ለአየር የመጣው ደግሞ ጨረሩ አግድም እንዲሆን። ሦስት ሳምንት ሲያስለው የቆየ ሰው ከሆነ ማስክ ያድርግ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ እርስዎም ኤን-95 ያድርጉ። አገጩ ቀና እስካለ ድረስ የማስኩ ብረት ምስሉ ውስጥ አይገባም።

ልብሱን በተመለከተ ጥቂት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ አገር የሚያሳስቱ ጥላዎች ከመማሪያ መጽሐፉ ትንሽ ይለያሉ። ትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ በሳንባ ጫፍ ላይ ቲቢ የመሰለ ጥላ ይጥላል፤ ተሰብስቦ ከአናት በላይ ይታሰር። ማተብ መበጠስ አያስፈልግም። ክሩ ራሱ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው መስቀሉ ወይም ቀለበቱ ነው፤ ወደ ላይ ስበው ከአገጭ በላይ በፕላስተር ይያዙት። በቆዳ የተሰፋ ክታብ ግን ጥርት ያለ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚወጣ፣ ታማሚውን አስፈቅደው ወደ ጎን ያድርጉት። የጡት መያዣ፣ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ቀሚስ፣ የተጣጠፈ ጋቢ፣ ሁሉም ይወልቅ። ሴት ታማሚ ስትሆን ነፍሰ ጡር ትሆን እንደሆነና የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር አስታማሚዎቹ በሌሉበት በጸጥታ ይጠየቅ። ባል ወይም አማት አጠገቧ ቆመው የምትሰጠው መልስ አያስተማምንም።

አሁን ወደ መደበኛው ፒኤ እንሂድ። ታማሚው ፊቱን ወደ ካሴቱ (ምስሉን ወደሚቀበለው ሰሌዳ) አድርጎ ይቆማል፣ ጨረሩ ከጀርባው ይገባል። ጨረሩ ከሚወጣበት ቲዩብ እስከ ካሴቱ ያለው ርቀት 180 ሴንቲሜትር ነው። ይህን በሜትር ይለኩት፤ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር አንዳንዴ የሚነግርዎት እስከ አልጋው ያለውን ርቀት ነው። መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነው። አንዱ እግር ወደፊት ከወጣ ዳሌው ይዞራል፣ ዳሌው ከዞረ ደረቱ ይዞራል፤ ትከሻውን ይዘው ቢያስተካክሉትም ትንፋሽ ሲስብ ተመልሶ ይዞራል። እግሮቹ ትንሽ ተራርቀው እኩል ይቁሙ፣ ክብደቱ በሁለቱም ላይ ይረፍ። አገጩ ቀና ብሎ ከካሴቱ ጫፍ በላይ ይቀመጥ። የካሴቱ የላይኛው ጫፍ ከትከሻው ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል።

ቀጥሎ እጆቹ። የእጆቹ ጀርባ ዝቅ ብሎ ዳሌው ላይ ያርፋል፣ ክርኖቹ ወደፊት ይገፋሉ። ይህ የሚደረገው ስካፑላዎቹ (የትከሻ ጀርባ ጠፍጣፋ አጥንቶቹ) ከሳንባው ላይ ተንሸራተው እንዲወጡ ነው። ክርኑን ሳይሆን ትከሻውን ወደፊት የሚገፋ ታማሚ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ትከሻው ወደ ላይም ይነሳና ክላቪክሎቹ የሳንባውን ጫፍ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ክርኖቹ ከተገፉ በኋላ ሁለቱን ትከሻዎች በእጅዎ ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑ። እጁን ማጠፍ የማይችል አረጋዊ ከሆነ ካሴቱን የያዘውን ስታንድ እንዲያቅፍ ያድርጉት፤ ያው ነው። ጡቷ ትልቅ የሆነች ሴት ራሷ ወደ ላይና ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወደ ካሴቱ ትጠጋ፣ ከዚያ እጇን ታውጣ፤ አለዚያ የሳንባው ግርጌ በሁለቱም በኩል ነጣ ብሎ የሳንባ ምች ይመስላል።

ጨረሩ የሚያርፈው ሰባተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ነው። ታማሚው አንገቱን ሲደፋ ከኋላ ጎልቶ የሚዳሰሰውን አጥንት ይፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ታች ለወንድ 20፣ ለሴት 18 ሴንቲሜትር ገደማ ይለኩ። የስካፑላው የታችኛው ጥግ ደረጃም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በብዛት የሚታየው ስህተት ከዚህ በታች ማነጣጠር ነው፤ የሳንባው ጫፍ ይቆረጣል፣ ሆድ ያለ ጥቅም ጨረር ይቀበላል። መብራቱን ጀርባው ላይ እያዩ ኮሊሜሽኑን (የጨረሩን ወሰን) ከጎን እስከ ቆዳው ዳር፣ ከታች እስከ መጨረሻዎቹ ጎድኖች ያጥብቡ። ደረተ ሰፊ ለሆነ ሰው 35 በ43 ካሴቱን አግድም ያድርጉት። ቁመቱን ለማትረፍ ብለው በቁም ከተዉት የሚቆረጠው ጥግ፣ ውሃ መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው።

«ዞሯል» ወደተባለው እንምጣ። ምስሉ ሲወጣ የሁለቱን ክላቪክል የውስጥ ጫፎች ይዩ፤ መሐል ካለው የአከርካሪ ጉጥ እኩል መራቅ አለባቸው። እኩል ካልሆኑ አንዱ ሳንባ ከሌላው ጠቁሮ ይወጣል፣ ትራኪያው (የአየር ቧንቧው) የተገፋ ይመስላል፣ የልቡ ቅርጽ ይለወጣል፤ አንድም ሕመም ሳይኖር። ወዴት እንደዞረ ለማወቅ ይህን ይያዙ፦ በፒኤ ክላቪክሉ ከአከርካሪው በራቀበት በኩል ያለው ትከሻ ነው ከካሴቱ የሸሸው። የግራው ጫፍ ከራቀ ግራ ትከሻው ወደ ካሴቱ ይገፋ። ጨረሩ ከፊት በሚመጣበት በኤፒ ግን ይገለበጣል፤ እዚያ ከካሴቱ የተነሳው ጎን ክላቪክሉ ወደ አከርካሪው የቀረበበት ነው። ይህን ሳይለዩ ድጋሚ የሚያነሱ ባለሙያዎች ታማሚውን ይበልጥ ወደተሳሳተው አቅጣጫ ያዞሩታል። አከርካሪው የጎበጠ ታማሚ ግን በምንም ዘዴ እኩል አይሆንም። ለእሱ አንዴ አንስተው «አከርካሪው ጎብጧል» ብለው መጻፍ ይበቃል።

ትንፋሹን በተመለከተ መለኪያው ጎድን መቁጠር ነው። የኋላ ጎድኖች ወደ አግድም ያዘነብላሉ፣ የፊቶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 10 የኋላ ጎድን ከታየ ትንፋሹ ጥሩ ነው፤ 9 ይበቃል፤ ተኝቶ ለተነሳ 8 ወይም 9 ይቀበላሉ። ሰባት ብቻ ከታየ የሳንባው ግርጌ ተጨማዶ ምች ይመስላል፣ ልቡም ወደ ጎን ተንጋልሎ ሰፊ ይሆናል። ይህ ትንፋሽ ያልተሳበበት ምስል ሐኪሙን ወደ አንቲባዮቲክ ሊወስደው ይችላል።

አንዴ ጮህ ብሎ «ሳብ!» ማለት ግን አይሠራም። ታማሚው አንዴ ሲስብ ትከሻውን ያነሳል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ትንፋሽ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ስለዚህ ካሴቱ ሳይገባ አብረውት ይለማመዱ፦ «ይሳቡ… ያስወጡት… አሁን እስከመጨረሻው ይሳቡ… ይያዙት!» ሲስብ ትከሻው ከተነሳ ያን ጊዜ ያስተካክሉት። እጅዎን ሆዱ ላይ አድርገው ሆዱ መቆሙን ያረጋግጡ፤ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሲገቡ የት ድረስ እንደሚስብ ያውቁታል ማለት ነው። ኤክስፖዠሩ ከወጣ በኋላ «ይተንፍሱ» ማለት አይርሱ፤ ብዙ ታማሚ ፈርቶ ይዞ ይቆያል። አማርኛ የማይሰማ ከሆነ «ይሳቡ» እና «ይያዙ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከአስታማሚው ይጠይቁና ራስዎ ይናገሯቸው፣ በእጅዎም ያሳዩ። ጎድኑ የተሰበረ ሰው ግን አሥር አይሞላም። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልቻለ ሦስተኛ አያንሱት፤ «በሕመም ምክንያት ከዚህ በላይ አልሳበም» ብለው ይጻፉ። ሆን ብሎ ተንፍሶ የሚነሳ ምስል ዋና ጥቅሙ ልጅ ባዕድ ነገር ወደ ሳንባው ስቦ ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር ነው፤ በመሳብና በመተንፈስ ሁለት ምስል ይነሳና አየር የተያዘበት ጎን ይለያል። ኒሞቶራክስ (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር) በተጠረጠረ ቁጥር ይህን ማድረግ የግድ አይደለም። በደንብ የተሳበበት የቆመ ምስል አብዛኛውን ያሳያል።

አሁን ኬቪ። በግሪድ (የተበተነውን ጨረር በሚያጣራው ሰሌዳ) ለሚነሳ አዋቂ ከ110 እስከ 125 ኬቪ፣ ከ2 እስከ 4 ኤምኤኤስ (የጨረሩ መጠን) ጥሩ መነሻ ነው። ለምን ከፍ ይላል? በ70 ኬቪ ጎድኖቹ ነጥተው ሳንባውን ይሸፍናሉ፣ ከልቡ ጀርባ ያለው ሳንባ ደግሞ አይታይም። ከፍ ባለ ኬቪ ጎድኑ ይሳሳል፣ ከልብ ጀርባም የደም ሥሮችና የአከርካሪው መስመር በቀጭኑ ይታያሉ፤ እሱን ምልክት ያድርጉት። አከርካሪው ጭራሽ ካልታየ ጨረሩ አንሷል፤ እያንዳንዱ አጥንት ጥርት ብሎ ከታየና ሳንባው ከጠቆረ በዝቷል። ያለ ግሪድ ከሆነ ወደ 80 ወይም 90 ኬቪ ይውረዱ። ጊዜው አጭር ይሁን፤ የአውሮፓ የጥራት መመሪያ ለፒኤ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ይላል፣ ምክንያቱም ልብ አይቆምም። በ200 ሚሊአምፒር 4 ኤምኤኤስ በትክክል 20 ሚሊሰከንድ ነው። ሚሊአምፒሩ ዝቅተኛ በሆነ ተንቀሳቃሽ ማሽን ግን ጊዜው ይረዝማል፤ የልቡ ዳር የደበዘዘ እንደሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ግሪዱን ይመርምሩ። ላዩ ላይ የተጻፈ የትኩረት ርቀት አለ። ለ100 ሴንቲሜትር የተሠራ ግሪድ በ180 ሲጠቀሙበት መሐሉ ደህና ሆኖ ሁለቱ ዳር ይነጣል፣ የሁለቱም ሳንባ ውጫዊ ክፍል ሕመም ያለበት ይመስላል። አንድ ዳር ብቻ ከነጣ ግሪዱ ዘንብሏል ወይም ጨረሩ ከመሐል ወጥቷል፤ ክላቪክሎቹ እኩል ሆነው አንዱ ጎን ከነጣ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። በሲአር ካሴት (ምስሉ በኮምፒውተር በሚነበብ) ወይም በዲጂታል ዲቴክተር ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ጨረሩ ሲበዛ ምስሉ አይጠቁርም፣ እንዲያውም ያምራል። በዚህ ምክንያት ኤምኤኤሱ ከወር ወር ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ማንም አያስተውልም። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር የሚሰጠውን የኤክስፖዠር ቁጥር ከአምራቹ መመሪያ ጋር ያስተያዩ፣ ግድግዳ ላይም ይለጥፉት።

መቆም የማይችል ታማሚ ሲመጣ ብዙዎች በቀጥታ ያስተኙታል። መጀመሪያ ማስቀመጥ ይሞከር። ጀርባው በጠንካራ ነገር ተደግፎ፣ እግሩ ወርዶ፣ ዊልቸር ወይም ስትሬቸር ላይ ቀጥ ብሎ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ብዙ ነው። ካሴቱ ከጀርባው ይገባል፣ ጨረሩ ከፊት፤ ኤፒ ማለት ይህ ነው። ጨረሩ በደረቱ አጥንት አናት ካለው ጎድጓዳ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። ለተኛ ታማሚ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ወደ እግር ያዘንብሉት፣ ደረት አጥንቱን በቀጥታ እንዲመታ። ይህን ካላደረጉ ክላቪክሎቹ ወደ ላይ ወጥተው ጎድኖቹ አግድም ይሆናሉ፣ ልቡም ቅርጹን ይለውጣል። በግማሽ ቀና ያለ ታማሚም ላይ ቲዩቡ የካሴቱን ዝንባሌ ይከተል። ክንዶቹ ከደረቱ ይራቁ፣ የተጎዳ አንገት ከሌለ አገጩ ቀና ይበል፣ አንሶላው ይወጠር፤ የአንሶላ እጥፋት ወይም የቆዳ ሽብሽብ የኒሞቶራክስን መስመር በትክክል ይመስላል።

ርቀቱ ከ180 ሲቀንስ ኤምኤኤሱን መቀነስ አይርሱ። ከ180 ወደ 120 ከቀረቡ ከግማሽ ያነሰ ይበቃል፤ ወደ 100 ከቀረቡ ደግሞ ሲሶ። በ180 ላይ 3 ኤምኤኤስ የሚያስፈልገው ሰው በ100 ላይ 1 አይሞላም።

«የልቡን ስፋት መናገር አልችልም» የተባለው ከዚሁ የመጣ ነው፣ ራዲዮሎጂስቱም ልክ ነው። ሒሳቡ ይኸው፦ በፒኤ በ180 ሴንቲሜትር ልቡ ከካሴቱ 8 ሴንቲሜትር ቢርቅ 180ን ለ172 ሲያካፍሉ ጥላው በ5 በመቶ ገደማ ይጎላል። ተኝቶ በኤፒ በ100 ሲሆን ልቡ ወደ ቲዩቡ ስለሚቀርብ ከካሴቱ 15 ሴንቲሜትር ይርቃል ብንል፣ 100 ለ85፣ ጥላው በ18 በመቶ ይጎላል። በእውነት 13 ሴንቲሜትር የሆነ ልብ በመጀመሪያው 13.6፣ በሁለተኛው 15.3 ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ተኝቶ ዲያፍራሙ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ላይኛው ሳንባ የሚሄዱት ደም ሥሮች ያብጣሉ፣ የደረቱ መሐል ይሰፋል። ሁሉም የልብ ድካም ምልክት ይመስላል። ልብ ከደረት ስፋት ከግማሽ ከበለጠ ሰፍቷል የሚለው መለኪያ የሚሠራው ቆሞ፣ በፒኤ፣ በ180፣ በደንብ ተስቦ ለተነሳ አዋቂ ነው። በኤፒ ሰፍቶ ታየ ማለት ሰፍቷል ማለት አይደለም፤ በኤፒ እንኳ ከግማሽ ካነሰ ግን በእርግጥ አልሰፋም። ስለዚህ ምስሉ ላይ «ኤፒ፣ ተኝቶ፣ 100 ሴ.ሜ፣ ከምሽቱ 3:40» ተብሎ ካልተጻፈ አንባቢው ይህን ሁሉ ማወቅ አይችልም። የሰዓቱ ነገርም ይታሰብበት፤ ቱቦ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን የሚመልሰው እሱ ነው።

ውሃና አየር ሲጠየቁ መርሁ አንድ ነው፦ ጨረሩ አግድም ይሁን። በብርጭቆ ያለ ውሃ ልኩ የሚታየው ከጎን እንጂ ከአፉ በላይ ሆኖ አይደለም። ግማሽ ቀና ባለ ታማሚ ላይ ቲዩቡን አዘንብለው ካነሱ ውሃው በሳንባው ላይ ይዘረጋል፣ ልኩ ይጠፋል፤ ያኔ የሚታየው ነጣ ያለ ጭጋግ ብቻ ነው። ቆሞ በፒኤ የታችኛው ጥግ እስኪደፈን ወደ 200 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። በጎን ምስል ከ50 እስከ 75 ሚሊሊትር የሚሆነው የኋላውን ጥግ ይደፍናል። ተኝቶ በቀጥታ ከላይ ሲነሳ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ውሃ እያለ ሊያመልጥ ይችላል።

ተጠርጥሮ ግን ካልታየ ዲኩቢተስ (በጎን ተኝቶ በአግድም ጨረር የሚነሳ ምስል) ያንሱ። ለውሃ የታመመው ጎን ወደ ታች፣ ለአየር የታመመው ጎን ወደ ላይ። ታማሚው በጎኑ ተኝቶ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያነሳል፣ ጉልበቱን ትንሽ ያጥፋል፣ ካሴቱ ከጀርባው ይቆማል፣ የስትሬቸሩ ጎማ ይቆለፋል። ከሥሩ ጠንካራ ስፖንጅ ይግባ፤ ለስላሳ ፍራሽ ላይ ከተኛ ይሰምጥና የታችኛው ጎን፣ ማለትም የሚፈልጉት ውሃ ያለበት ጎን፣ ከካሴቱ ውጭ ይቀራል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ወረፋው ረጅም ሲሆን መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ግን ውሃው ካልተንሸራተተ፣ አየሩም ካልወጣ የሚያዩት የቀድሞውን ነው። በደንብ ከተነሳ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር ውሃ እንኳ ሊታይ ይችላል። የውሃው ውፍረት ከ10 ሚሊሜትር ከበለጠ በመርፌ ለመቅዳት የሚበቃ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ የሳንባው ዳርና የጎድኑ ውስጠኛ ጠርዝ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ማርከሩ (ቀኝና ግራን የሚያሳየው ምልክት) የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበር ይናገር። አልትራሳውንድ በእጅ ካለ ለውሃ እሱን አስቀድሙ እላለሁ፤ ጨረር የለውም፣ መርፌው የሚገባበትንም ቦታ ያሳያል።

አንጀት ተበስቷል ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው ደግሞ ከዲያፍራም በታች ያለውን አየር ፍለጋ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳ። መቀመጥ ካልቻለ በግራ ጎኑ ይተኛ፤ አየሩ በጉበቱ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በቀኝ ጎኑ ከተኛ ጨጓራ ውስጥ ያለው አየር ያምታታል።

የሳንባው ጫፍ አልታይ ሲል፣ በፒኤ ላይ ክላቪክሉና የመጀመሪያው ጎድን የሸፈኑት ጥርጣሬ ሲኖር፣ ሎርዶቲክ ይነሳል። ታማሚው ከስታንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደፊት ራቅ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፣ ከዚያ ትከሻው፣ አንገቱና የራሱ ጀርባ ካሴቱን እስኪነኩ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ የደረት አጥንቱን መሐል ይመታል። ከጎኑ ሰው ይቁም፤ የደከመ የቲቢ ታማሚ በዚህ አቋቋም ሊወድቅ ይችላል። መለጠጥ ካልቻለ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ቲዩቡን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ራሱ ያንሱት። ክላቪክሎቹ ከሳንባው ጫፍ በላይ ወጥተው አግድም ሊሆኑ ከተቃረቡ ተሳክቷል። የመጀመሪያው ፒኤ ላይ ትከሻው ወርዶና አገጩ ቀና ብሎ ቢነሳ ኖሮ ግማሹ ሎርዶቲክ አያስፈልግም ነበር፤ ለዚህ ነው ከላይ እጁና ትከሻው ላይ የቆየሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ምርመራ የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማንበብን ፈቅዷል። በተንቀሳቃሽ ማሽን ገጠር ወጥተው የምታነሱ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ይጠብቅባችኋል። ሹሩባው የጣለውን ጥላ ሶፍትዌሩ ሰው ሆኖ አይጠይቅም።

በጎን ለሚነሳው ልዩ ምክንያት ከሌለ ግራ ጎኑ ወደ ካሴቱ ይሁን፣ ልቡ እንዳይጎላ። ሁለቱም ክንዶች ከራስ በላይ ይነሱ፣ ዳሌው ወደ ካሴቱ እንዳይደገፍ። የሁለቱ ጎን የኋላ ጎድኖች በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ቢለያዩ ጤናማ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ዞሯል።

ሕፃናትን በኤፒ፣ ያለ ግሪድ ያንሷቸው። ነፍሰ ጡር ያልሆነ አስታማሚ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ ሁለቱን ክንዶች ከጆሮ አጠገብ ይያዝ፣ ሌላው ጉልበቱን፤ ባለሙያው ራሱ በየዕለቱ ያዥ አይሁን። ሲያለቅስ ጩኸቱ አልቆ አየር ሊስብ ሆዱ ወደ ውጭ ሲነፋ ቁልፉን ይጫኑ። የጨቅላ ትራኪያ አየር ሲያስወጣ ወደ ቀኝ መታጠፉ ጤናማ ነው፤ ልቡም ከአዋቂ በአንጻሩ ሰፋ ይላል።

ማርከሩን የእርሳሱን ይጠቀሙ፣ ኮሊሜሽኑ ውስጥ ገብቶ ከሳንባው ውጭ ይቀመጥ። በኮምፒውተር በኋላ የሚጨመር «አር» ወይም «ኤል» ምስሉ ተገልብጦ ከሆነ ስህተቱን ያጸድቀዋል፤ ልቡ በቀኝ ያለ ሰው ሲመጣ ደግሞ ማንም እርግጠኛ አይሆንም።

ድጋሚ ከማንሳትዎ በፊት የጥያቄ ወረቀቱን ተመልሰው ያንብቡ። ጎድኑ ስምንት ቢሆንም የተጠየቀው ቱቦ ቦታው ላይ ነው ወይ ከሆነና ቱቦው ከታየ፣ ጥያቄው ተመልሷል፣ ታማሚው ይሂድ። የታችኛው ጥግ ተቆርጦ ውሃ ተጠይቆ ከሆነ ግን ቢያምርም ድጋሚ ይነሳል። የተጣሉትን ምስሎች በመዝገብ ያስፍሯቸው፤ ከስም ይልቅ ምክንያታቸውን ይጻፉ፦ ዞሯል፣ ትንፋሽ፣ ተቆርጧል፣ ግሪድ፣ ጌጥ። በወሩ መጨረሻ የትኛው እንደበዛ ቆጥረው ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ሆነው ይዩትና፣ የሚቀጥለው ወር ትኩረታችሁን እዚያች አንዲት ነገር ላይ አድርጉ።